እግር ሳይታይ እንሶስላ የለም

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ፤ ውስጥ እግራችሁን ለመጨረሻ ጊዜ ገልብጣችሁ ያያችሁት መቼ ነው?

ይኸው፣ አታስታውሱትም። ፊታችንንማ በመስታወት፣ በስልክ፣ በቆመ ባጃጅ መስኮት ሳይቀር ስናይ ነው የምንውለው። ቀኑን ሙሉ ተሸክሞን የሚዞረውን እግር ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? እኔም አላይም ነበር። እኔማ ከጉልበቴ በታች ያለው ሁሉ የኔ መሆኑንም ረስቼው ነበር።

ዘይነብ እባላለሁ። ሐይቅ ከተማ፣ ከአስፋልቱ ዳር ዓሣ እጠብሳለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። ዓሣው በዘይት፣ እኔ በጭሱ አብረን እንጠበሳለን። ማታ ቤት ስገባ እግሬን በለብ ያለ ውኃ ነከር አደርግና ደህና እደር እለዋለሁ፤ በቃ፣ ትውውቃችን እዚህ ድረስ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ስለ ቆዳ ካንሰር የነገረችን ቀን ነው። ሰውነታችሁ ላይ አዲስ ጥቁር ነጥብ ከወጣ፣ የድሮውም ቢሆን ካደገ፣ ዳሩ ከተዘባረቀ፣ መልኩ አንድ ዓይነት ካልሆነ ወይ ከደማ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪም አሳዩ አለች። ቀጥላም፣ እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለው ሰው በተለይ ውስጥ እግሩን፣ መዳፉንና የጥፍሩን ሥር ይይ አለች። ግን እሱን ማን ሰማት? «ጥቁር ነጥብ» ካለችበት ጀምሮ ቤቱ ገበያ ሆኗል። አንዷ የሌላዋን አገጭ ትይዛለች፣ ሌላዋ ሻሿን አውልቃ ማጅራቴን እዩልኝ ትላለች። አጂብ! የከተማው ነጥብ በሙሉ ያን ቀን ተቆጠረ። ጫማ ያወለቀ ግን አንድ ሰው የለም።

ሁሉም ዞሮ ዞሮ ብርቄ ላይ አረፈ። ብርቄ ጎረቤቴ ናት፤ የአምባሰል ሰው ናት፣ ከውጫሌ ወዲያ ካለው ገጠር ተድራ የመጣች። ግራ ጉንጯ ላይ፣ ከዓይኗ ዝቅ ብሎ፣ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ አለች። እኔ ሙስሊም ነኝ፣ እሷ ክርስቲያን ናት፤ ለዚህ ነገር ግን በኛ አገር ሌላ ስም የለውም፤ የሙስሊሙንም ጉንጭ ማርያም ናት የምትስመው። ይቺ ነጥብ የዋዛ እንዳትመስላችሁ። ብርቄ ልጅ ሳለች በሷ ሰበብ ጎረምሶች ተደባድበዋል፤ ባሏም መጀመሪያ ያየው ነጥቧን ነው፣ ቀሪውን ሰውነቷን ያየው በኋላ ነው። ይሄን የምትለው ራሷ ናት፣ እኔ አልጨመርኩም።

ታዲያ የጤናዋ ልጅ በትሕትና፣ «ብርቄ፣ ይቺንም አንድ ቀን ብታሳዪያት» ብትላት፣ ሴትዮዋ ቱግ አለች። ማርያም የሳመችውን ዶክተር ነው የሚያርመው? አለች። ነጠላዋን እየጎተተች ወጣች። ስብሰባውም በዚሁ ተበተነ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ እግሬን ስነክር የልጅቷ ነገር ትዝ አለኝ። ውስጥ እግር ብላለች። እስኪ ልየው ብዬ ቀኝ እግሬን ጉልበቴ ላይ አወጣሁት። በዚህ ዕድሜና በዚህ ውፍረት እግር ጉልበት ላይ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ያ ረቢ! ከተረከዜ ፈንጠር ብሎ አንድ ጥቁር ነገር አለ። የምስር ፍሬ ያህላል። ዳሩ ወጣ ገባ ነው፤ አንድ ወገኑ ኩል የመሰለ ጥቁር፣ አንድ ወገኑ ቡናማ።

መጀመሪያ የእንሶስላ ትራፊ ነው አልኩ። በኛ አገር ለኢድም፣ ለሰርግም፣ ለምርቃትም እጅ እግራችንን እንሶስላ እንሞቃለን። ሥሩን ወቅጠን፣ አፍልተን፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለን ስናድርበት እግራችን ጠዋት ጥቁር እስኪመስል ቀልቶ ይወጣል። ለኢድ ሞቄ ስለነበር የሱ ትራፊ ነው ብዬ ተኛሁ። ግን ሐሳብ አስተኝቶኝ ነው? ከኢዱ በፊትም እኮ ልሞቅ ስል ያቺን ነገር በጨረፍታ አይቻታለሁ! ያኔ ደግሞ ቀደም ብዬ ከሞቅሁለት ሰርግ የተረፈ ነው ብዬ በላዩ ላይ ነበር የሞቅሁበት። የኢዱ ለቋል፣ የሰርጉም ለቋል። ታዲያ ይቺ የየትኛው ድግስ ናት?

ለባለቤቴ ለሰይድ አሳየሁት። እዚህ ላይ ስለ ሰይድ ትንሽ ላውጋችሁ። ሰይድ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ማሳውን ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ነው የሚያጥረው፤ ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ ከእሾህ ጋር ሲዋጋ ኖሯል። አንገቱ ላይ በክር ያንጠለጠላት ወረንጦ አለችው፤ ሲተኛም አያወልቃትም። ለሰይድ በዓለም ላይ አንድ በሽታ ነው ያለው፤ እሱም እሾህ ነው። ልጅ ቢያነክስ እሾህ ነው፣ በሬ ቢያነክስ እሾህ ነው። አንዴማ ወገቤን አመመኝ ብለው እግርሽን አምጪ አለኝ።

እግሬን አየና፣ «እሾህ ነው» አለ።

«ሰይዴ፣ እሾህ ቢሆን ያመኝ አልነበር?»

«የሰነበተ እሾህ ነው፤ የሰነበተ አያምም» አለና ወረንጦውን ይዞ መጣ። ጫፏን ገና ከማሳረፉ ቡጢዬን ትከሻው ላይ አሳረፍኩ። ወላሂ አንዲት ነገር አትነካም አልኩት። እሱም አልወደደውም፤ ሙያው ተነክቶበታላ።

ከዚያ ወሬው ወጣ። ወሬ ሲወጣ መድኃኒት አብሮ ይወጣል። አንዷ በምላጭ ላንሳልሽ አለችኝ። አንዷ በጋለ ብረት ቶሎ እንተኩሰው፣ እኔ እይዝሻለሁ አለች፤ ስታየኝ ደግሞ ጉጉቷ ያስፈራል። አንድ ሽማግሌ፣ በቅጠል አሽተን እናወርደዋለን፣ ነገር ግን ዓሣ መጥበሱን መተው አለብሽ አሉ። ዓሣው ምን አድርጎ ነው? ሁሉንም አመሰገንኩና እግሬን ጫማዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ይቺን ነገር የሚያያት የተማረ ዓይን ነው፣ እስከዚያ ምላጭም ብረትም አይደርስባትም አልኩ። እኔ አንዴ ካልኩ ደግሞ ብያለሁ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያለችው ሲስተር ደህና አድርጋ አየችኝና፣ ይሄ ደሴ ለቆዳ ሐኪም መታየት አለበት ብላ ቀጠሮ አስያዘችልኝ። እስከዚህ ድረስ ዘይነብን የመሰለ ብልህ ሴት አልነበረም። ከዚህ በኋላ ያለውን ስሙ።

ልሄድ አንድ ቀን ሲቀረኝ የእህቴ ልጅ ሐዋ መጣች። ሐዋ እንሶስላ በማሞቅ የታወቀች ናት፤ ሙሽራ ሁሉ ከሷ እጅ ነው የሚወጣው። እግሬን አየችና በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «አክስቴ! በዚህ ተረከዝ ነው ደሴ የምትሄጂው?»

እውነቷን ነው። ተረከዜ ተሰነጣጥቆ የበጋ መሬት መስሏል። ስንጥቁ ውስጥ የዓሣ ቅርፊት ሳይቀር ይገኛል። ይሄንን እግር አንስቼ የሰው ልጅ፣ ያውም የተማረ ልጅ ፊት ላይ ልደቅነው? የሐይቅ ሴት እግር እንዲህ ነው ወይ ቢልስ? አገር አሰድባለሁ እንዴ? ሰው ቤት ስንሄድ ፊታችንን ታጥበን አይደል? እኔ ሐኪም ዘንድ የምሄደው በእግሬ ስለሆነ፣ እግሬ መታጠብና መጌጥ አለበት። እንዲህ አድርጌ ነው ያሰብኩት። አሁን ስነግራችሁ ያስቃል፤ ያን ዕለት ግን ፍጹም ትክክል ነበር።

ሐዋ ወቀጠች፣ አፈላች፣ በጉሎ ቅጠል ጠቀለለችኝ። ጠዋት ስፈታው ማሻአላህ! ስንጥቁ ተሸፈነ፣ እግሬ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እግር መሰለ። ሰይድ አየኝና፣ «ሐኪም ቤት ነው ሰርግ የምትሄጂው?» አለኝ። ቀናተኛ አልኩት በሆዴ።

ደሴ ደረስኩ። ሐኪሙ ጎልማሳ ነው፣ ፊቱ ደስ ይላል። «እስኪ እናቴ፣ አልጋው ላይ ይውጡና ያሳዩኝ» አለ። ወጣሁ። ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን በኩራት ዘረጋሁለት።

አየ። ጎንበስ ብሎ አየ። መብራት አመጣና አየ።

«የትኛው ነው እናቴ?»

«ያ ጥቁሩ ነዋ።»

«እናቴ፣ ሁሉም ጥቁር ነው።»

እናንተዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! ያኔ ነው የገባኝ። ለሐኪም የማሳየውን ነገር ተሸልሜ ሸፍኜው ሄጃለሁ። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ቀጠሮ፣ እግሬን አስጊጬ ነጥቤን ደብቄ መጣሁ። ሐኪሙ በሆነ ነገር ጠረግ ጠረግ አደረገው። የሐዋ እንሶስላ በጥራጊ ይለቃል? ሳቅ ሊያመልጠው ሲል አየሁት። ወዲያው ግን ኮስተር አለ። ይሄ ካለ ዳሩንም መልኩንም መለየት አልችልም፣ እንደለቀቀ ሳይውሉ ይምጡ፤ ቶሎ ይልቀቅ ብለው ደግሞ በድንጋይ እንዳይፈገፍጉ አለኝ። አጠያየቁንም ዐውቆበታል፤ ስንት ጊዜ ሆነው፣ አድጓል ወይ፣ ደምቶ ያውቃል ወይ አለኝ። ከምስር ወደ ሽምብራ እየሄደ ነው አልኩት። ፊቱን አየሁት፤ አልሳቀም።

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በራሴ ተናድጄ አለቀስኩ። ምን ዓይነት ቂል ነኝ?

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ድሮ እንሶስላ ቶሎ ለቀቀ ብለን እናማርር የለ? ይሄ አልለቅም አለ። ሐዋን ጠርቼ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ አሳምረሽ ያሞቅሽኝ ብዬ ተቆጣኋት። ልጅቷ ሙያዋ በስድብ ሲመሰገን የመጀመሪያዋ ነው። ሰይድ፣ ሐይቁ ዳር ሄደሽ አሸዋ ላይ ተመላለሺበት አለኝ፤ ሐኪሙ አትፈግፍጊ ብሏል አልኩት። ጠዋት ጠዋት ግን ከደጃፌ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ገልብጬ፣ ፀሐይ ላይ አያለሁ። አላፊ አግዳሚው፣ «ዘይነብ፣ ለቀቀልሽ?» ይለኛል። የከተማው ሁሉ ጉዳይ የኔ ተረከዝ ሆነ።

ቀስ እያለ ጥቁሩ ቀላ፣ ቀዩ ገረጣ፣ የገረጣውም ገለባ መሰለና ለቀቀ። ሁሉም ሄደ። እሷ ብቻ ቀረች። ከበፊቱ ሰፍታ፣ ጠቁራ፣ ብቻዋን ቁጭ ብላለች።

ፈራሁ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ክፉኛ ፈራሁ። ሞት አይቀርም እያልን እናወራለን፤ ግን ማውራትና ሞትን እግር ላይ ቁጭ ብሎ ማየት ይለያያሉ። ሰይድ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑን ከእግሬ አላነሣም። ወረንጦውን በጣቱ ሲያሽከረክራት ቆየና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምነው እሾህ ባደረገልኝ» አለ። ባሌ ምን ያህል እንደሚወደኝ የነገረኝ ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ቃል አልወጣውም።

ብርቄ ሰምታ መጣች። ለግሸን ማርያም ተስያለሁ፣ አንቺ ዳኚ እንጂ ከአውቶቡስ ወርጄ ዳገቱን በባዶ እግሬ ነው የምወጣው አለችኝ። ደሴም ብቻሽን አትሄጂም ብላ ነጠላዋን አጣፋች። እኔም ዱዓዬን አድርጌ፣ ያልተጌጠ፣ የተሰነጠቀ እግሬን ይዤ ሄድኩ። ይሰንጠቅ! ከፈለገ የሐይቅን ሴቶች በሙሉ ይስደባቸው!

ሐኪሙ መብራት ባለው የእጅ ማጉያ መነጽሩ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አደንዝዞ ናሙና ወሰደ። እግሬን ሲጠቀልልልኝ የብርቄ ዓይን ሐኪሙ ላይ ነው። ጉሮሮዋን ጠራረገችና፣ «ዶክተር፣ እንዲያው ከመጣሁ አይቀር... ይቺን ጉንጬን ብታያት» አለች። ማርያም የሳመችውን ማን ያርመዋል ያለችው ሴት ናት! የኔ እግር አስፈርቷታላ። ሐኪሙ መነጽሩን ጉንጯ ላይ አደረገ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ተለውጣ እንደሁ ጠየቃት። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «ምንም አይደለም፣ እንደ ማንኛውም ሰው ነጥብ ተራ ነጥብ ናት» አላት።

ሌላ ሰው ይሄን ሲሰማ ጉልበት ይስማል። ብርቄ ግን ከንፈሯን ጥላ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ፣ «ሰማሽው? ተራ አላት! ስንት ሰው የተደባደበባትን!» እያለች ትነጫነጫለች። እኔ በአንድ እግሬ እያነከስኩ ሳቄ ሊገድለኝ። ካንሰር ይሁን አይሁን ባላወቅሁበት ሰዓት እንደዚያ የሳቅሁት በብርቄ ነው፤ አላህ ይስጣት።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አላድበሰበሰም። ካንሰር ነው አለኝ። ቀጠለና፣ ገና ከላይ ነው፣ ወደ ውስጥ ሳይገባ ነው የደረሱበት፤ ከዙሪያው ሰፋ አድርገን እናወጣዋለን፣ ከዚያም በየጊዜው እየመጡ እናያለን አለ። «አውጣው!» አልኩት። ላስብበት የለ፣ ሰው ላማክር የለ። ዛሬውኑ ብትፈልግ ዛሬውኑ፣ ይኸው እግሬ!

ወጣ። እስኪድን ድረስ በምርኩዝ ነበር የምሄደው። ዓሣውን ማን ይጥበስ? ሰይድ። አቦ፣ እሱን እንኳ ተዉት! አንድ ወገኑ ከሰል፣ አንድ ወገኑ ጥሬ። በዚያ ሰሞን ደንበኞቼ ለጤናዬ ያደረጉት ዱዓ ከልባቸው ነበር። ብርቄም ስለቷን አልረሳችም፤ ግሸንን በባዶ እግሯ ወጥታ ተመለሰች። ስትመለስ ቤቷ ሳትገባ ጎትቼ አስቀመጥኳትና ውስጥ እግሯን አየሁት። ጠባሳዬን እያየች፣ «እኔን ማርያም ሳመችኝ፣ አንቺን ዶክተር ሳመሽ» አለችኝ። ሰይድ ከጓሮ በኩል እህ! ብሎ ሳለ። ይሄን ቀልድ እስከ ዛሬ አልወደደውም።

ከዚያ የሐዋ የራሷ ሰርግ ደረሰ። ሴቱ ሁሉ እንሶስላ ሊሞቅ ግቢውን ሞላው። እኔ መነጽሬን አድርጌ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ፣ ከእንሶስላው ድስት ፊት ለፊት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እግር ሳይታይ እንሶስላ የለም! አልኩ። ተንጫጩ። እታለም፣ ሰርግ ነው እኮ፣ ጤና ጣቢያ አደረግሽው አሉኝ። ይንጫጩ። ከሙሽራይቱ ጀምሬ እያንዳንዷን ገልብጬ አየሁ፤ ጣት በጣት፣ መዳፍና ጥፍር ጨምሬ። አንዷ ላይ ጥቁር ነገር አገኘሁና ልቤ ዘለለ፤ የአስፋልት ሬንጅ ነው። አንዷን ወደ ጤና ጣቢያ ሰደድኳት፤ ደህና ነሽ አሏት፣ በከንቱ አስደነገጥሽኝ ብላ እስካሁን ትራገማለች። ትራገም። እየተራመደች ትራገም። አሁን በሐይቅ ሴቱ እንሶስላ ሊሞቅ ሲል ሳይጠራኝ አይጀምርም፤ ካልጠሩኝም ሳልጠራ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁና ዓሣዬ እንዳያርብኝ ልሂድ። ባለፈው ከሰዓት በኋላ ለአስር ሰላት ሰይድ ጓሮ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ውዱእ ያደርጋል። በበሩ ሳይ፣ የውኃ ኩስኩስቱን አስቀምጦ ግራ እግሩን ጉልበቱ ላይ አውጥቷል፤ ወደ ፀሐይ ዘንበል እያደረገ ያያል። ይዳስሳል፣ ደግሞ ያያል። ያ ከእሾህ በቀር በሽታ የማያውቅ፣ ለራሱ ደንግጦ የማያውቅ ሰውዬ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ምንም» አለና እግሩን ሊያወርድ።

«አምጣው!»

«እ... እሾህ ነው መሰለኝ» አለ። ድምፁ ግን የሰይድ ድምፅ አይደለም።

መነጽሬን አደረግሁ። ጥቁር ነገር አለች። ያ ረቢ፣ የኔ ይበቃል፣ የሱን ተወው እያልኩ በአውራ ጣቴ ጫን አደረግሁት። «ወይኔ!» ብሎ ዘለለ። መልሼ ጫንኩት፤ መልሶ ጮኸ። ባሌ ሲጮህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ወረንጦዋን ከአንገቱ በጠስኩና ጎተትኩ። ወጣች፤ ከአጥሩ የመጣች፣ ጥርት ያለች የግራር እሾህ። አልሃምዱሊላህ ብዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩና ሳቄና እንባዬ ተደባለቀብኝ።

ሰይድ እሾኋን ከእጄ ተቀበለኝ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ገልበጥ ገልበጥ አደረጋት፣ ደረቱን ነፋ። ዕድሜ ልኩን እሾህ ነው ሲል ኖሮ ይኸው አንድ ቀን ቀናው።

«እሾህ ነው አላልኩሽም?» አለኝ።

«ብለኸኛል» አልኩት። «አሁን ሌላኛውን እግርህን አምጣ።»